ጎማ ላይ ተቀምጠን

አዳማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ የሹክሪ ጎሚስታ፤
የመኪና ፕሮግራም አለን ሐሙስ ማታ።
ጎማ ላይ ተቀምጠን፣ ነፋስ ያመጣው አቧራ
ትከሻችን ላይ ሰፍሮ፣ እያየ በጋራ።

«መኪና ማለት ፖርሽ ነው!» ሌንጮ ተነሳ፣
ባጃጁን ነዳጅ ሰልፍ አውሎ፣ ያልቀመሰ ምሳ።
አቅራቢው ኩርባውን በሦስት መቶ ሲጥሰው፣
«ቀስ በል!» ይላል ቶሌራ፣ እንደሚሰማው ሰው።

መጨረሻው ዙር ላይ መብራት ድርግም አለ።
ሩጫው ግን አልቆመም፣ ባፋችን ቀጠለ፤
ሌንጮ በከንፈሩ ማርሽ ለወጠና
ፌራሪውን ቀደመው፣ በአሰላ ጎዳና።

ሹክሪ ብቻ ዝም ነው። ሳፋው ላይ አቀርቅሮ
አረፋ ይፈልጋል፣ ጎማ ውስጡ ነክሮ።
«አንተስ፣ የቱን ትላለህ?» ስንለው ቀና አለና፣
«ጎማው የሚተነፍስ፤ እሱ ነው መኪና።»

መብራት ሲመለስ
ቲቪው የሳሙና ማስታወቂያ ላይ ነበር።