በርጩማ ጠራቢው ያየው

ከመሮ በስተቀር ብዕር አልጨበጥኩም፤
ዋንዛ ስፈለፍል ዕድሜን አልቆጠርኩም።
ሂርማታ ነው ሱቄ፣ ከድልድዩ ማዶ፤
ሦስት እግር ይወጣል አንድ ግንድ ተቀዶ።
እንጨት አውቃለሁ ባይ ነበርኩኝ እስካምና፣
ከእርሻ ኮሌጁ ረምላ መጣችና
የጣልኩትን ፍላጭ ከመሬት አንስታ፣
ከፀጉር ቆራጩ ምላጭ ተውሳ መጥታ፣
ከሽንኩርት ልጣጭ የቀጠነ አውጥታ፣
«አባ፣ ነገ ሱቅህን ዝጋና እንሂድ» አለችኝ።

ዘጋሁ። ሄድን።
ከላብራቶሪው በር ጫማዬን ላወልቅ ስል ሳቀች፤
«መስጊድ አይደለም» ብላ እጄን ይዛ ዘለቀች።

አንድ ዓይኔን ጨፈንኩ።
ቤት። ቤት። ቤት። ሌላ ቤት።
ቀፎ ሲከፈት እንደሚታይ ሰፈፍ፣
አንዱ ካንዱ ጋራ በግድግዳ ሲተቃቀፍ፣
በር የሌለው ሰፈር።
«ግንበኛው ማነው?» ብላት
«ነዋሪው ራሱ። ሕዋስ ነው ስሙ» አለች።

እኛ ቤት ስንሠራ ጎረቤት ጠርተን ነው፤
ጭቃው ተረግጦ፣ ማገሩ ታስሮ ነው፤
ከውጭ መርገን መርገን ነው ኋላ የምንገባው።
ይሄ ግን ውስጥ ሆኖ፣
ማንም ሳያቀብለው።

«ከስሱ ሽፋን ላይ ክብ ሠርተው እንዳበባ፣
ስድስት ስድስት ሆነው፤ ፈታዮች በላቸው፤
ስኳር ከውስጥ ስበው ክር ነው የሚወጣቸው።
አንዷን ፍሬ በጀርባ፣ ቀጣይዋን በደረት፣
እያገለባበጡ ነው የሚቀጥሏት።»

«ስኳር?»
«ስኳር፣ አባ። ቅጠሉ ከፀሐይ የሠራው።
ሻይህ ውስጥ የሚሟሟው የዚሁ ዘመድ ነው፤
እንዲህ ሲታሰር ግን ውሃ አይፈታውም።
ሴሉሎስ ይባላል።»
ሁለቴ አስደገምኳት፤
ምላሴ ላይ እንደ ስንጥር ቆመ።

«ክሩ ከኋላቸው ሲጠና፣ ሲደድር፣
ፈታዩን ይገፋል፤ ሞተር የለ፣ በትር፤
የፈተለው ራሱ ነው ወደፊት የሚያሽከረክር።»

ይሄ ገባኝ።
እኔንም ጠዋት እጄን ሲያመኝ፣ አልነሳም ስል፣
ያልጨረስኩት በርጩማ ነው ብድግ የሚያደርገኝ።

ከሽፋኑ ስር ሐዲድ አለ፤ ክሩ እሱን ተከትሎ
ቤቱን ይዞራል፣ ይዞራል፣ ይጠመጥማል ጠቅልሎ፣
የጌራ ቀፎ ሠሪ በሐረግ እንደሚያስር፤
ሕዋሱ ጎኑ ሳይነፋ ቁመት እንዲጨምር።

«ግድግዳው ሲያልቅስ?» አልኳት።
ዝም አለች።
መብራት ሄደ።
ቆርቆሮው ላይ ከአወቱ በኩል ዝናብ ወረደ።
«ብዙው ይሞታል» አለች በጨለማው፤
«ያለውን ሁሉ ግድግዳ አድርጎ፣ የውስጡን ዕቃ ፈትቶ፣
ባዶ ቤት ይተዋል።
ውሃ በዚያ ያልፋል፣ እስከ ቅጠሉ ወጥቶ።»

ትናንት ከአጋሮ የመጣ ሰው አንዱን በርጩማ ገልብጦ አየና
«ጠንካራ ነው?» አለኝ።
«የሠሩት ሰዎች ወጥተዋል፣ ቤቱ ግን አለ» ልለው ነበር።
ዋጋ ተከራከርን።

ድሮም ግንድ አንኳኳለሁ መድረቁን ለማወቅ፣
መሮውን ሳልሰድበት፣ በጣቴ አንጓ።
አሁንም አንኳኳለሁ።
ብቻ፣
ትንሽ እጠብቃለሁ።