ሁለቱን ከኋላ

ሻርጃ፣ ሰናያ አሥር፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፣
አስፋልቱ ይተፋል ቀን የዋጠውን እሳት።
ጉልዛማን ጎሚስታው ክሪኩን ከስር ከቶ
ያሪሴን አነሳት፣ እንደታመመች ላም አንድ እግሯን ጎትቶ፤
ባውራ ጣቱ ዳበሰ የአራቱንም ጎማ ጥርስ፣
«የኋላዎቹ ጥቂት አላቸው፤ የፊቶቹ ግን ኻላስ።»

አውቃለሁ። በጥር፣ ያ ዝናብ የጣለ ’ለት፣
እግሬ ፍሬን ላይ ሳለ መኪናዋ አልሰማችኝም፤
ጭራዋ ዞረ ቀስ ብሎ፣ በር እንደሚከፈት፤
አራት ሴቶች ተኝተው ነበር፣ አንዷም አልነቃችም።
አልነገርኳቸውም።

ድንበሯ ከፊት ናት፣ ከኋላ ስትቀመጥ ስለሚያዞራት፤
ከኋላ ዓይናዲስ፣ ሉባባ፣ በመስኮቱ ጥግ ጽጌማርያም፣
ግንባሯን መስታወቱ ላይ ለጥፋ፣
የሰው ወጥ ቤት ስትፈትግ አምሽታ
እንቅልፏን በእኔ መኪና ልትጨርስ የምትከፍል።
በየወሩ ያዋጣሉ፤ ቤንዚኑ ከዚያ ነው፣
የዛሬውም ብር ከዚያ።

ጉልዛማን ሦስት ጎማ አንከባሎ ከፊቴ አቆመ።
የመጀመሪያው ርካሽ፤ ስነካው የገብስ ቂጣ ነው፣ የከረመ።
ሁለተኛውን አላስታውስም።
ሦስተኛው ላይ ጥፍሬን ስጭነው ገባ፣ ቆይቶ መለሰኝ።
የውድድር ልጆች የሚገዙት ነው፤
ከጎኑ የፍጥነቱ ማዕረግ በፊደል ተጽፏል፤
በሰዓት ሁለት መቶ አርባ ይችላል አሉ።
የእኔዋ መቶ ሃያ ስትገባ
ዳሽቦርዷ ዳዊት ይደግማል።

«ለዚች?» አለ ከጎኔ ቸርኬ የሚያስለውጥ ጎረምሳ፣
ከንዱራው እንደ ወረቀት ነጭ፣ መኪናው ቆሞም የሚያገሳ።
ሳቀ። ለአህያ ማር አይጥማትም ማለቱ ነው፣ በእነሱ ቋንቋ።
አይጥማት፤ እኔ ማር መች ገዛሁላት፣
ሰኮና ነው የምገዛላት።

ጉልዛማንም አልዋሸኝም፦ «ለስላሳ ነው፣ መንገዱን ይነክሳል፣
ግን ቶሎ ያልቃል። ሁለት ሰይፍ ቢቆይሽ ነው።»
ሰይፍ በዚህ አገር አፍ በጋ ነው፣ በእኛ የሚቆርጥ ብረት፤
በነሐሴ ቀትር አስፋልት ላይ ለቆመ
ትርጉሙ አንድ ነው።

ጎማውን አዙሮ አራት ቁጥር አሳየኝ፣
የተሠራበት ሳምንትና ዓመት፤
«አሮጌ አልሸጥልሽም፣ ይኸው ልደቱ።»
ቀናሁበት።
እኔን ፓስፖርት ላይ የወለደኝ ደላላ ነው፣
ጃንዋሪ አንድ ቀን፣ ስድስት ዓመት ጨምሮ።

አንዱ ሦስት መቶ አርባ። ቦርሳዬ ውስጥ ሰባት መቶ ድርሃም።
ደግሜ ቆጠርኩት፤ ብር ስለተቆጠረ አይወልድም።
«ሁለት» አልኩት። «ከፊት ግጠማቸው፤
የሚጎትተው ፊቱ ነው፣ የሚዞረውም ፊቱ።»
መፍቻውን መሬት አስቀመጠ። «ላ» አለ።
«ፊቱ ሲንሸራተት መሪው በእጅሽ አለ፣ ይነግርሻል፤
ኋላው ሲከዳሽ ግን የምታውቂው
ዞረሽ የመጣሽበትን መንገድ ስታይ ነው።»

በር እንደሚከፈት፣ ቀስ ብሎ።
ሦስቱን አሰብኳቸው፣ ትከሻ ለትከሻ።
«እሺ። ሁለቱን ከኋላ፤
የኋላዎቹን ወደ ፊት አምጣቸው።»
ሃያ ድርሃም ተረፈኝ፤ ቡሎን ላጠበቀው ልጅ አምስቱን ሰጠሁት።

ንጋት ላይ ድንበሯ ገባች፣ ቀበቶዋን አሰረች፣
«ምን ነካት መኪናሽ? ዝም አለች» አለች።
«ታጥባ ነው» አልኳት።
ድልድዩ ጋ ስንደርስ፣ መንገዱ ደረቅ፣ ከፊቴም ከኋላዬም ሰው ሳይኖር፣
ፍሬን ያዝኩ፣ ትንሽ፣ ለመስማት ያህል።
የጽጌማርያም ግንባር ከመስታወቱ አልተላቀቀም።
«ምን አየሽ?» አለች ድንበሯ።
«ድመት መሰለኝ።»