መለካት

በአይስላንድ ምዕራብ፣ ባሕር ተራራ ሰንጥቆ በገባበት፣
አንዲት ክሊኒክ አለች፣ እኔ ነርስ የሆንሁባት።
ሥራዬ መለካት ነው፤ ክንድ አስሮ ቁጥር መጻፍ፣
የአንዱን ካርድ ዘግቶ ወደ ሌላው ማለፍ።

ስቴይኑን በኅዳር መጣች፣ ዓሣ ከምትበልትበት፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆማ ቢላዋ ከሳለችበት።
መቶ ሰባ አንድ ሆነብኝ፤ ለካሁት ደግሜ።
«እንቅልፍስ?» «እንቅልፍ ምን ያረጋል» አለች «ለኔ ዓይነቱ ዕድሜ?»
ጣቷን ዘርግታ አሳየችኝ፦ «ቀን ቀን ይደነዝዛል፤
ሌት ደግሞ፣ ገና ጋደም ስል፣ ጉንዳን ይወርረዋል።»

በዚያው ብርድ ነው ማኅበሩ ከባለቤቱ ተሟግቶ
ስምንቱን ሰዓት ስድስት ያደረገው፣ ደመወዝ ሳይነካ፣ ተስማምቶ።
ለሙከራ ነው፤ ለስድስት ወር። ወደቡ ተከፈለ ለሁለት፤
ግማሹ «ስንፍና» አለው፣ ግማሹ «እሰይ» አለበት።

እኔ ቁጥር ጠበቅሁ።
በታኅሣሥ መቶ ሰባ ሦስት። አልዋሽም፤
ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።
ሰዓቱን አሳጠሩት እንጂ ዓሣውን መች ቀነሱት?
ቀበቶውን ነው ያፈጠኑት።
እሷም ከሥራ ወጥታ ቤቷ አትገባም ቶሎ፤
መኪናዋ ውስጥ ትቀመጣለች፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ መስኮቱ በበረዶ ተከልሎ፣
የድሮው ሰዓት እስኪደርስ።
«በሥራ ሰዓት ቤት መግባት» አለችኝ «የሰው ንብረት ሰርቆ እንደመመለስ…»

ቶርግልስ ነው፣ ዝምተኛው፣ ሰላምታ እንኳ የሚከብደው፣
አንድ ማለዳ ቀዩን ቁልፍ ተጭኖ ያን ሩጫ ያበረደው።
ቢላዋ ሁሉ ቆመ። የማቀዝቀዣው ጉምጉምታ ብቻ ቀረ።
ባለቤቱ መጣ፣ ጮኸ፤ ማንም አልተናገረ።
በማግስቱ ቀበቶው በእግሩ መሄድ ጀመረ።

እኛ ዘንድ ፀሐይ ሁለት ወር ከተራራው ጀርባ ናት፤
በጥር ማለቂያ ስትመለስ፣ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ለሩብ ሰዓት ነው የምናያት።
ስቴይኑን አሥራ ዘጠኝ ጥር በወሬ ነው የሰማቻት።
ዘንድሮ መኪናዋ ውስጥ፣ መሪው ላይ፣ ጭኗ ላይ መጣችባት።
«የገዛ እጄን አየሁት» አለች፤ ሌላ አልጨመረችበት።
ያን ቀን ግን ቤቷ ገባች፣ ሰዓቱን ሳትጠብቅለት።

በመጋቢት መቶ አርባ ስድስት። ሐኪሙ «ክኒኑ ነው» ይላል።
ይሆናል። ክኒኑንም ትውጣለች። ይሆናል።

በግንቦት ተራዋ ደርሶ ወጥቼ ስሟን ስጠራ፣
ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል፣ አፏ ተከፍቶ፣ አንገቷ ወደ ግራ፣
ጣቶቿ ጭኗ ላይ ተዘርግተው፤ ጉንዳን የለ፣ ምን የለ።
ካርዷን ከሁሉ ሥር አደረግሁ፤
ድምፄን ዝቅ አድርጌ ቀጣዩን ጠራሁ።