ኮረብታው ላይ የቆመው ልጅ

አባቴ ቶኩጂ የሰሌን ምንጣፍ ነው ኑሮው፤
ጉልበቱን ወለሉ፣ ጣቱን መርፌ በላው።
ልጅ ሳለ ጀምሮ ግን፣ ሱቁ ሲዘጋ ማታ
ጦር ያሰልፍ ነበር፣ የብስኩት ቆርቆሮ አድርጎ ኮረብታ፤
ቀዩ አዝራር የምሥራቅ፣ ጥቁሩ የምዕራብ፣
የእናቱ መቀስ ወንዙ፣
ጣሪያው ሲያፈስም ያው፣ የዚያ ቀን ዝናብ።

«ሰኪጋሃራን ሳላይ አልሞትም» ይል ነበር በየዓመቱ፤
በየዓመቱም አንድ ነገር ይውጠዋል ጣሳውን ከነሳንቲሙ፦
አንዴ አውሎ ነፋስ የገነጠለው ጣሪያ፣
አንዴ የእናቴ ሐሞት፣
አንዴ የመስፊያው ሞተር፣
አንዴ እኔ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ።

ዘንድሮ ሄድን። ከያትሱሺሮ በፈጣኑ ባቡር፣ ከዚያ በዘገምተኛው፤
እናቴ ኪኑዬ አዲስ ጫማ አድርጋ፣
እህቴ ሺዎሪ ረሃቧ እንደ ሕፃን የማይተኛው፣
እኔ ደግሞ በጃኬቴ ኪስ አንድ የታጠፈ ፖስታ፦
ኮቤ፣ መርከብ መሥሪያ፣ ሥራ ከሚያዝያ ጀምሮ።
ለአባቴ ያልነገርኩት፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ዝምታ።

ስንደርስ ጉም ነበረ። አባቴ ደስ አለው፤
«ያን ቀንም እንዲህ ነበር!»
ጉሙን እንደ ዘመድ ሊስመው ምንም አልቀረው።
እናቴ «ፎቶ አይወጣም» አለች።
ሜዳውስ? የታጨደ ሩዝ፣ የስልክ እንጨት፣
ገመድ ላይ የተሰጣ ካልሲ፤
አባቴ መሬቱን በእርምጃ ሲለካ
አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከመኪናው ወርዶ
«የጄኔራሉን ድንኳን ነው?» አለው፣ ሳያስጨርሰው፣
«እዚያ ጋ ነው፣ ፍግ የከመርኩበት፤
ጎመኔን ብቻ አደራ፣ እንዳትረግጠው።»
አባቴ ለፍጉ ክምር
ባርኔጣውን አነሳ። አልሳቀም። ከልቡ ነበር።

ከዚያ የማትሱዎ ኮረብታ። «ድብ አለ» ይላል ጽሑፉ፤
ደወል ተሰቅሏል መግቢያው ላይ፦ «ደውላችሁ እለፉ።»
ሺዎሪ ደወለች፣ ደገመች፣ ድቡ እስኪሰለቸው።
ዝናቡ ጠንከር አለ፤
አባቴ ሸሚዝ ብቻ ነበር የለበሰው፤
ጃኬቴን አውልቄ ሰጠሁት።
ሃያ እርምጃ ያህል ከሄድን በኋላ
ኪሱ ትዝ አለኝ፤ ምራቄን ዋጥኩት።

አናቱ ላይ ቆመ። «እዚህ ነው» አለ፣ «ያ ከሃዲ።»
ቆርቆሮው ላይ ነጩ አዝራር፣ ሁሌም ብቻውን የሚቀመጥ፤
ለሁለቱም ወገን «እሺ» ብሎ
ቀኑ እስኪጋመስ ያልወረደ፣
እንዲቆርጥለት ከታች ተኮሱበት የሚባል፣
በመጨረሻም የገዛ ወገኑን ጎን የወጋ።
በልጅነቴ አባቴ ሲጠራው ይተፋ ነበር።

ጉሙ ተገለጠ፤ ሜዳው ከታች
እንዳልተሰፋ ምንጣፍ ተዘረጋ።
«ስንት ዓመቱ ነበር?» አለች እናቴ፣ ተረከዟን እያሸች።
«አሥራ ዘጠኝ» አለ፤
ቀና ብሎም አየኝ።
ይህን ቁጥር አርባ ዓመት ያውቀዋል፤
ዛሬ ገና የሰማው መሰለኝ።
«ልጅ ነበር ለካ» አለ ቀስ ብሎ፣
«ከዚህ ሲያዩት ደግሞ ሁሉም እኩል ይርቃል።»

በርዶት እጁን ከኪሱ ከተተ።
ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ፤
ድቡ ራሱ ቢመጣ ያን ያህል ባልደነገጥኩ።
ወረቀቱን አላወጣም። እጁንም አላወጣም፤
እስከ ታች፣ እስከ ደወሉ፣ እንደዚያው ወረደ።

ባቡር ጣቢያ ደረስን። ሻይ ሊገዛ ብሎ ለጥቂት ጠፋ።
ሲመለስ ጃኬቴን ሰጠኝ፣ ውሃውን አራግፎ።
ኪሴን ዳበስኩ፤ ፖስታው አለ፣ እንደ ቀድሞው ተጣጥፎ፣
ግን ከሺዎሪ የሩዝ ኳስ በተረፈ ላስቲክ ተጠቅልሎ፣
ዝናብ እንዳይገባው፣
ከእሱ በማይጠፋው የመስፊያ ክር ታስሮ፣
ምንጣፍ ሠሪ እንደሚያስረው፦
ሁለት ዙር፣ አንድ ቋጠሮ።