ተራ ቁጥር ሃያ ስድስት

«ከሱቅ እንዳትገዙ፤ ከቤታችሁ ይምጣ፤
ጓዳችሁን ፈትሹ፣ ንጥረ ነገር ይውጣ»
አሉ መምህር ስንሻው፣ ጠመኔ እንደነከሱ፣
ከኮሪደሩ ጥግ ጣውላ እያነሱ።

ደጀን ነው ከተማው፤ ካፋፉ ተጠግቶ
የዓባይን በረሃ ቁልቁል አጮልቆ አይቶ።
የጠመኔው እናት ያ ነጩ ገደል ነው፤
«ካልሲየም» ያሉን ለካ ጎረቤት ነው።

አንማው የሬዲዮ ድንጋይ ፈልጦ መጣ፣
ከሆዱ ጥቁር ዘንግ እንደ መቅኔ አወጣ፤
«ካርቦን!» አለን ጮኾ፣ እጁን ሳይታጠብ፤
እስከ ዓርብ ታየበት ደብተሩ ላይ ሲነበብ።
ጨው ያመጡት ስድስት፣ ሁሉም በወረቀት፤
ስድስቱንም ቀምሰን አረጋገጥንበት።
የሽሙ ክብሪቱን ትታ ቀፎውን አመጣች፤
«ፎስፈረሱ ከጎኑ ነው፣ ከራሱ አይደለም» አለች።
ምህረቴ የድስት ክዳን፣ ያውም ሰርቃ፤
እናቷ ከበር ላይ ጠበቀቻት አውቃ።

እኔ ከትራሴ ሥር ቢላዋ አወጣሁ፣
ከተወለድኩ ጀምሮ በላዩ የተኛሁ።
እናቴ ናት ያኖረችው፣ ቡዳ እንዳይበላኝ፣
በሕልሜ የመጣ ዓይን ብረት አይቶ እንዲሸሸኝ።

አትጠገብ ቢምረው በመስኮቱ በኩል ብቻዋን፣
ሦስት ሰው በሚይዝ ወንበር አስቀምጣ ቦርሳዋን።
አባቷ ከገበያው ማዶ ወናፍ የሚነፋ፣
ክረምት ሲገባ ፈላጊው የሚሰለፍ፣ ሲወጣ የሚጠፋ፤
ማረሻ ሲዶለድም አገር የሚጠራው፣
ማረሻው ሲሳል ግን አገር የሚፈራው።
መስከረም ላይ ነበር ከሷ የሸሸሁት፣
«መስኮቱ ይበርዳል» ብዬ የዋሸሁት።

እሷም በሳርዲን ቆርቆሮ፣ በጨርቅ አስራ አፉን፣
የመዶሻን እብቅ ይዛ መጣች፣ የመስፉን ትራፊውን።

ተራ ቁጥር ሃያ ስድስት።
ሁለት ነን።
መምህር ስንሻው ቢላዋዬን
ከቆርቆሮዋ አጠገብ አኖሩት።
አትጠገብ ጎንበስ አለች።
ከእጀታው ሥር፣ ብረቱ እንጨት ውስጥ ከሚገባበት፣
ሦስት ነጥብ፣ እንደ ጉልቻ የተቀመጡ።
በጣቷ ነካቻቸው፦
«የአባዬ ናቸው።
ሲጨርስ ይመታቸዋል። ሁልጊዜ ሦስት ነው።»
ለማንም አላለችውም፤
ለብረቱ ነው ያለችው።

እኔ ነበርኩ አጠገቧ፤ ጆሮዬ ጋለ።
ገበያ ቀን፣ ዋጋ ተከራክራ፣
ሳንቲም ስታስቀንስ እናቴ ታየችኝ፤
ከሱ እጅ ገዝታ፣ ከሱ ዓይን ልትጠብቀኝ፣
አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ በሱ ሥራ ላይ አስተኛችኝ።

መምህር ስንሻው፣ ምናልባት ሰምተው፣ ምናልባትም ሳይሰሙ፣
«ብረት ደማችሁ ውስጥም አለ» አሉ፣ ሁለቴ እየደገሙ።
«ካንድ ሰው ደም አንዲት ምስማር ይወጣል፤ ትንሿ።»
አንማው እጁን አወጣ፤
«ማን ይቀጠቅጣታል?»
ሳቅን።
ሳቁ መሀል መንገድ ላይ ቆመ፤
አንድ ሰው ብቻ ጨረሰው፣ እሱም አፍሮ ሳለ።
አትጠገብ የቆርቆሮዋን ጨርቅ
አራት ላይ አጠፈች፣ ኪሷ ከተተች።

ማታ እናቴ ትራሴን ዳበሰች፦ «የታለ?»
«ካርቶን ላይ ታስሯል፤ ለነጥብ ነው፣ አሥር አለ።»
«ማን አሰረው?»
«መምህሩ፣ በመዳብ ሽቦ።»
መዳብ ምን እንደሚከላከል አታውቅም፤
መብራቱን ሳታጠፋ አደረች።
ሦስቱ ነጥቦች የማን እንደሆኑ ልነግራት
አፌን ከፍቼ፣ እንደተከፈተ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ጠዋት ከወንበሯ ጫፍ ቆሜ
ስንት ቃል ከመንገድ ይዤ መጥቼ
የወጣኝ ያው አሮጌው ነው፦
«እዚህ... መስኮቱ ይበርዳል?»
ቀና አላለችም።
«ይበርዳል» አለች።
ቦርሳዋን ግን አነሳች።