የዜሮ መዝገብ

ጎንደር ግንብ አያጣም፤ የኛ ግን ብሎኬት ነው፤
ከክፍሉ ጀርባ፣ ከሥሩ፣ አንዲት ጣሳ ያለችው።
የወተት ዱቄት ነበረች፣ ዛሬ የዝናብ መስፈሪያ፤
ማስመሪያ በሽቦ ታስሮባት ለቁጥር ማንበቢያ።
የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ሌላ መሣሪያ አልሰጡኝም።
ያለኝ ጣሳና ደብተር ነው፤ አላፈርኩበትም።

ጎዶሎው ቀን የዘምዘም፣ ሙሉው ቀን የይስማው፤
ከደወል በፊት አጎንብሶ አይቶ መጻፍ ነው ሥራው።
ክረምቱን ወደውት ነበር፤ ቁጥሩ ይዘላል፤
ሠላሳ ሁለት፣ አርባ አንድ፤ ልጅ ቁጥር ሲያድግ ይወዳል።
ኅዳር ሲታጠን ጀመረ።
ዜሮ።
ዜሮ።
ዜሮ።
ይስማው ታከተው አንድ ቀን፤ «መምህር፣ ምንም የለም፤
የሌለ ነገር መጻፍ ቀለም መፍጀት አይደለም?»
«ነው» አልኩት፤ «ግን ሄደህ አይተሃል።
ሳያዩ ‹የለም› ከማለት፣ አይቶ ‹የለም› ይለያል።»
ብዙም አልገባው፤ እኔም ብሆን ለማምለጥ ነው ያልኩት፤
ሊደወል ሲል የመጣ ጥያቄ፣ እንዲያ ነው የሸኘሁት።

ጥር ሃያ ስምንት ጠዋት፣ ባንዲራው ሳይሰቀል፣
አንዲት ስልክ ከእጅ ወደ እጅ ሄደች እንደ ፍም ከሰል።
ፎቶ ነው። ቤት ይነዳል። ጣሪያውን ውጦታል ጭስ፤
ከሥሩ፦ «ዛሬ ንጋት። ከአንገረብ ማዶ። ተነሥ።»
«እነሱ ናቸው» ይላል። እነሱ ማን? አይልም፤
ስም ከጠራ ሰው ያውቃቸዋልና፣ ስም አይጠራም።

ባዘዘው ድንጋይ አነሣ፤ የክፍሌ አንደኛ ሯጭ።
ጎርፍ አንዴ ከተነሣ ማን ይጠይቃል ምንጭ?
ይስማውም ይዞ ነበር። ራሱ ነው የነገረኝ፤
«ይዤ ነበር» አለ፤ «እጄ ላይ ሞቀኝ።»
ስልኳ እሱ ዘንድ ደረሰች፤ አየ፤ ደግሞ አየ።
ከሚነደው ቤት ደጃፍ ውሃ ተኝቶ ታየ፤
መንገዱ ጭቃ ነው፤ ሴትዮዋ ጃንጥላ ይዛለች፤
ከኩሬው ውስጥ ሌላ፣ ትንሽ እሳት ትነዳለች።

«ይሄ ዛሬ አይደለም።»
«ምን?»
«ዛሬ ዜሮ ነው።
ትናንትም። ሰባ ሰባት ቀን ሙሉ ዜሮ ነው የጻፍነው።»

ደብተሩ መጣ። አንድ መስመር በሱ፣ አንድ መስመር በሷ እጅ፤
የዘምዘም ዜሮ ክብ ነው፤ የሱ እንቁላል ነው እንጂ።
ቤቷ ከአንገረብ ማዶ ነው። ይህን ያላወቀ አልነበረም፤
ግን ድንጋይ የያዘ እጅ የሚያውቀውን አያስታውስም።

ተረት ቢሆን፣ «ሁሉም ድንጋዩን ጣለ» ባልኩ፤
ከበሩ ሥር ስለቅም ሃያ ሁለት ብቻ ቆጠርኩ።
ባዘዘው «ጭቃ ምን አገባኝ?» ብሎ ወረደ፤
በዚያ በሯጭ እግሩ እስከ ድልድዩ ነጎደ።

ወንበሩ እስካሁን ባዶ ነው። እናቱ አልፎ አልፎ ትመጣለች፤
«ምን አስተማርከው?» አትልም፤ «ምን ቀርቶት ነበር?» ትለኛለች።
ለእሱ ደብተር አልሰጠሁም። ሯጭ ነው ብዬ፣ ሜዳ ሰጠሁት።
ይህን ለእናቱ አላልኩም። ለራሴ ግን ነገርኩት።

የካቲት አንድ። ጎዶሎ ቀን። ዘምዘም ተመልሳ መጣች፤
ጣሳዋን አየች፤ ጣቷንም ከታ ዳሰሰች።
ከዚያ ጻፈች።
ክብ ዜሮ።
ሄዳ፣ አይታ።