ሰባት ቤት

ቂርያት ጋት፣ ሐምሌ። ግድግዳው በሌሊትም ያልበዋል።

ከፈረቃ ስመለስ ልጄ ነቅታ ጠበቀችኝ፣
ጫማዬን ሳላወልቅ ወረቀት አስጨበጠችኝ።
«አባ፣ ፍረድ» አለች ሂላ፣ «አሁን ልግዛ ወይስ ልታገሥ?
አዲሱ ፕሮሰሰር ይወጣል አሉ፣ የዳስ በዓል ሲደርስ።»
የኮሩን ብዛት በቀይ፣ ዋጋውን በእርሳስ ጽፋ፣
ሁለት ስም ሰርዛ፣ ሦስተኛውን በጥያቄ ምልክት አቅፋ።

የሕንፃ ንድፍ ትማራለች፤ ያ አሮጌው ማሽኗ
አንድ ቤት አጥርቶ እስኪያሳይ ሲያቃስት ያድራል ከጎኗ።
እኔ ፋብሪካ አድራለሁ፣ እሱ ጠረጴዛዋ ላይ፤
ማን ይበልጥ እንደደከመ ጠዋት ነው የሚለይ።

ደግሞስ ከእኔ ምን ፍርድ? ቺፕ በሚሠራበት ደጅ
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቱታ አጠብኩ፣ አንዱንም ሳይነካ የእኔ እጅ።
ትንፋሽ እንዳይደርስበት፣ ጠጉር እንዳይረግፍበት፣
ሰው እንደ ሙሽራ ተሸፋፍኖ ነው የሚገባበት።
አያቴ ገበያ ውሎ የባዕድ እጅ ሲነካው
ወንዝ ወርዶ ሳይነከር ደጃፉንም አይረግጠው።
አትንኩኝ ባይ ዘር ነበርን፤ በልቤ ሣቅሁ ስቀጠር፣
መሐንዲሱ ስለ ንጽሕና አንድ ሰዓት ሲያስተምር።

«ስንተኛ ትውልድ ነው?» አልኳት። «አሥራ ምናምንኛ» አለች፤
«የካቻምናው አያት ሆኗል» ብላ ብቻዋን ሣቀች።
እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት ወደ ላይ ስንቆጥር፣
ሽማግሌ ተሰብስቦ ስም ሲያነሣ፣ ሲከራከር፣
ክረምቱ ያልፍ ነበር። የእነዚህ ሰባት ቤት ግን
ልጅ ተወልዶ ወታደር ሳይሆን ተቆጥሮ ያልቃል፣ ብን።

መታገሥን ግን አውቃለሁ።
ጎንደር፣ የኪራይ ቆርቆሮ ክፍል፣ ስምንት ዓመት፤
«ከፋሲካ በኋላ» በበጋ፣ «ዝርዝሩ ተልኳል» በክረምት።
አልጋ አልገዛንም፣ በር አላሳደስንም፣
«ልንሄድ አይደል?» ብለን አንድ ሚስማር ግድግዳ አልመታንም።
ስም እንኳ አቆየንላት፤ «እዚያ ስንደርስ ይወጣላታል» ብለን
«ልጅቱ» ስንላት ከረምን፣ ሁለት ፋሲካ ሲያታልለን።

«ግዢው» ልላት አፌን ስከፍት፣ ቀድማኝ፦ «ግን አባ፣
ባትታገሡ ኖሮስ?» አለች።
መልሴ ተመልሶ ሆዴ ገባ።

ዓርብ ከአውቶቡስ ጣቢያው ጀርባ አርካዲ ሱቅ ወረድን፤
ማቀዝቀዣ ሻጩ በላብ ተነክሮ ተቀበለን።
«የሚጠብቅ ይጠብቃል» አለ፣ ትከሻውን ሰብቆ፣
«ጥቅምት ሲደርስ የሚቀጥለውን ያያል ሰው፣ ጥቅምትን ንቆ።»
ከላይኛው መደርደሪያ አንድ የአምና ሳጥን አወረደ፤
ሂላ ዝም ስትለው ሌላ ሁለት መቶ ሼቅል ወረደ።
ቦርዱን ግን የሚመጣውንም እንዲችል አርጋ መረጠች፤
«ያለው ይቀመጥ፤ እንግዳው ሲመጣ ወንበሩ አይጠፋም» አለች።

ሰንበት ሳይገባ ፈታችው። ሳጥኑ ላይ «ማሌዥያ» ይላል፤
ምናልባት ከደጃችን የወጣ ነው፤ ዞሮ ዞሮ ተመልሷል።
«እጅህን ዘርጋ» አለች። አኖረችው መዳፌ ላይ፣
የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረቤቴን ገና ያን ቀን ሳይ።
ከክብሪት ቤት አይበልጥም። ትንፋሼን ያዝኩ፣ ልማድ ነው፤
«ተንፍስ አባ፣ አሁን አይከፋውም» ብላ ወሰደችው።

ማንሻውን ስትጫነው ቀጭ አለ፤ ሁለታችንም ደነገጥን።
ክዳኑን ሳትገጥም ፀሐይ ጠለቀች፤ እጃችንን ሰበሰብን።
እስከ ነገ ማታ፣ ሦስት ኮከብ እስኪታይ፣
ሆዱን ከፍቶ ተኛ ማሽኑ፣ ጠረጴዛዋ ላይ።

ይህኛውን መጠበቅ ማንም አላማረረም።
ቅዳሜ ሲመሽ እኔ ለፈረቃ ጫማዬን ሳስር
«አንድ» አለች ከመስኮቱ።
«ሁለት» አለች።
ጣቷ ከቁልፉ በላይ፣ ሳይነካው፣ ተንጠልጥሎ ነበር።